የጠፋው ልክ፦ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶችና የጥገና መጻሕፍታቸው በኢንተርኔት

ማንኛውም ሞተር የሚሠራው በልክ ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ የሚርቅበት መጠን፣ የካንዴላው አፍ ክፍተት፣ እያንዳንዱ ብሎን የሚጠብቅበት ኃይል አስቀድሞ ተወስኖ ይቀመጣል። ይሁንና እነዚህ ቁጥሮች በብረቱ ላይ ተጽፈው አይገኙም። ለስድሳ ዓመታት ሲፋተግ የኖረን ክፍል ዛሬ ብንለካው የሚነግረን አሁን የደረሰበትን መጠን እንጂ አዲስ ሳለ የነበረውን አይደለም። የመጀመሪያው ልክ የሚገኘው በጥገና መጽሐፉ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ መጽሐፉም ሲጠፋ ማሽኑ ቢኖርም በትክክል ሊጠገን አይችልም። የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወዳጆች መጻሕፍቱን እየፈለጉ፣ ገጽ በገጽ ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጡ በኢንተርኔት የሚለዋወጡት ስለዚህ ነው።

አንድ ንድፍ፣ ብዙ አገር

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ባንተም የተባለው የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የበርሚንግሃሙ ቢ.ኤስ.ኤ. ኩባንያ ከ1948 እስከ 1971 ሠርቶታል። የንድፉ ምንጭ ግን በጀርመን፣ በቾፓው ከተማ የነበረው የዲ.ካ.ቬ. ፋብሪካ ያወጣው አር.ቲ. 125 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንድፉ በጦር ካሣ መልክ ለአሸናፊዎቹ አገሮች ተላለፈ። በእንግሊዝ ባንተም፣ በሶቭየት ኅብረት ሞስክቫ፣ በአሜሪካ ደግሞ የሃርሊ ዴቪድሰን 125 ተሠራበት። ያማሃ በ1955 ያወጣው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌትም የተቀረጸው በዚሁ አምሳል ነው።

ስለሆነም የባንተምን መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው በፍለጋው መካከል የዘመዶቹን መጻሕፍት ማግኘቱ አይቀርም። የባንተምም ሆነ የአር.ቲ. 125 ሲሊንደር 52 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስተናቸውም 58 ሚሊ ሜትር ጉዞ አለው፤ ይህም 123 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። ታዲያ የአንዱ መጽሐፍ ለሌላው ያገለግላልን? አሠራሩን ለመረዳት አዎን፣ ያገለግላል። ቁልፍ አንሥቶ ብሎን ለመፍታት ግን አያገለግልም። ቢ.ኤስ.ኤ. ንድፉን እንደ መስተዋት ምስል ገልብጦ የማርሹን ፔዳል ከግራ ወደ ቀኝ አዛውሮታል፤ የብሎኖቹንም ልክ ወደ ኢንች ለውጦታል።

የአምስት ዲግሪ ልዩነት

የኢንች ብሎኖች ጉዳይ ራሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1841 ባቀረበው ደረጃ መሠረት የብሎን ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው። ከዚያ የመነጨው የደቃቅ ጥርስ ደረጃም ይህንኑ ማዕዘን ይዟል። ለብስክሌትና ለሞተር ብስክሌት የወጣው ሌላው የእንግሊዝ ደረጃ ግን 60 ዲግሪ ነው። በሁለቱም ደረጃዎች ውፍረቱ ሩብ ኢንች (6.35 ሚሊ ሜትር) የሆነ ብሎን በአንድ ኢንች ርዝመት 26 ጥርሶች አሉት። ውፍረታቸው አንድ፣ የጥርሳቸው ቁጥርም አንድ በመሆኑ ዓይን አይለያቸውም፤ የአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ዳዶ ሊገባም ይችላል። ነገር ግን የጥርሶቹ ጎኖች ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥሙ ጭነቱ ሁሉ በጠባብ መስመር ላይ ያርፋል። ይህም ጥርሱ እንዲላጥ ወይም በሞተሩ መንቀጥቀጥ ብሎኑ እንዲላላ ምክንያት ይሆናል። ብሎኑ የፍሬን ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው። ልዩነቱን በእርግጠኝነት የሚነግረን የፋብሪካው የመለዋወጫ ዝርዝር ነው።

ቅጂው ሲሳሳት

መጽሐፉ ተገኝቶ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በዚያ ዘመን በብዙ ሞተር ብስክሌቶች የፑንቲና ክፍተት 0.015 ኢንች ይሆን ነበር፤ ይህም 0.38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቅጂው ላይ ነጥቡ ቦታውን ስቶ ቁጥሩ 0.15 ቢሆን ማንኛውም መካኒክ ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል። 5ቱ ወደ 8 ቢለወጥና 0.018 ቢነበብ ግን የሚጠራጠር አይኖርም። ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ቀድሞ ስለሚከፈት የእሳት ብልጭታው ከጊዜው ይቀድማል፤ ብልጭታው እጅግ ሲቀድም ደግሞ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል። ትልቁ ስሕተት ራሱን ሲያጋልጥ ትንሹ ተሸሽጎ ይኖራል።

ይህ ከግምት ያለፈ ነገር ነው። ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በ2013 አንዳንድ የዜሮክስ መገልበጫ መሣሪያዎች ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ 6ን በ8፣ እንደሚተኩ አረጋግጧል። መሣሪያዎቹ የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ተመሳሳይ መስለው የታዩአቸውን ቅርጾች አንድ ጊዜ ብቻ መዝግበው በየቦታው ይደጋግሙ ነበር። የተለወጠው ቁጥር ጥርት ብሎ ስለሚታይ አንባቢው ምንም አይጠረጥርም።

የንባቡ ጥራትም ወሳኝ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው አኃዝ በኢንች 100 ነጥብ ሲገለበጥ 8 ነጥብ ያህል ቁመት ብቻ ይኖረዋል፤ በ300 ነጥብ ሲገለበጥ ግን ወደ 24 ይደርሳል።

እንግዲህ መጽሐፍ ለማካፈል የሚነሣ ሰው ቢያንስ በ300 ነጥብ ይገልብጥ፤ የሠንጠረዦቹን ቁጥሮች ከዋናው ጋር አንድ በአንድ ያስተያይ፤ የሞዴሉን ስምና የኅትመቱን ዓመት የያዘውን ሽፋን አይተው። ዋናውን መጽሐፍም አይጣል፤ ጥርጣሬ ሲነሣ ዳኛው እርሱ ነውና። ፋብሪካው ቢዘጋም የቅጂ መብቱ ወደ ሌላ ባለቤት ተላልፎ ሊሆን ስለሚችል ይህንን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ከኢንተርኔት የሚያወርደውም ቢሆን አንድ ቁጥር ከመቀበሉ በፊት በሁለተኛ ቅጂ ያመሳክር። በቅጂ ላይ የተሳሳተ አንድ አኃዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብዙ ሞተሮችን ያበላሻል፤ በትክክል የተገለበጠ ገጽ ግን ከተዘጋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ባለፈው ፋብሪካ የተሠራን ሞተር ዛሬም ያስነሣል።