በሞቃታማ የጥቁር አፈር አካባቢዎች የቤት ቀለም ሠራተኛ ሲቀጠር ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በአገራችን ምዕራባዊ ቆላማ አካባቢዎች፣ በተለይም በመተማና በጋምቤላ ተመድቦ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱን ቀለም ለማስቀባት ሲነሣ ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል። አንደኛው በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚደርሰው ሙቀት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። በእነዚህ ምክንያቶች በደጋ ከተሞች ለዓመታት የሚያገለግል ቀለም በቆላው አንድ ክረምት ሳይሻገር ሊላላጥ ይችላል። ከወር ደመወዝ ተቆጥቦ የወጣው ገንዘብም አብሮ ይባክናል።

ለዚህ ጉድለት ብዙውን ጊዜ ተጠያቂ የሚደረገው የቀለሙ ዓይነት ወይም ቀለም ቀቢው ነው። ይሁን እንጂ ቀለም የግድግዳውን ገጽ ይሸፍናል እንጂ ከሥሩ የሚንቀሳቀሰውን መሬት አያስቆምም። በመሆኑም የቤቱ ባለቤት ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ አስቀድሞ ግድግዳው ለቀለም ዝግጁ መሆኑን፣ ወቅቱም ለሥራው የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። የሠራተኛው ምርጫና የውሉ ይዘት ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች የሚመነጩ ናቸው።

የአፈሩ ጠባይ

እንደየአካባቢው መረሬ ወይም ዋልካ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን በደጋም ሆነ በቆላ ይገኛል። ለአፈሩ ልዩ ጠባይ ምክንያት የሆነው በውስጡ በብዛት የሚገኘው ደቃቅ የሸክላ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን ውሃ ሲገባበት ያብጣል፤ ውሃው ሲተንን ደግሞ ይኮማተራል። በበጋ ወራት በእርሻና በጓሮ የሚታየው፣ እጅ የሚያስገባ ስፋትና ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ የዚሁ ውጤት ነው።

በእንዲህ ዓይነት አፈር ላይ የቆመ ቤት ከሁሉም ጎን እኩል አይንቀሳቀስም። ከወለሉ መሃል ሥር ያለው አፈር ከፀሐይና ከዝናብ የተጠበቀ በመሆኑ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። በግድግዳው ዙሪያ ያለው አፈር ግን በክረምት ውሃ ይጠግባል፤ በበጋ ይደርቃል። የቤቱ ጠርዝ በዚህ ሳቢያ ከፍና ዝቅ ሲል ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ብሎኬቱና ልስኑም ይሰነጠቃሉ። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ውሃው በግድግዳው ሥር ስለሚፈስ፣ ባሕር ዛፍ በቅርበት ከተተከለም በበጋ የአፈሩን እርጥበት ስለሚመጥ ችግሩ ይባባሳል።

ስለዚህ ከቀለም በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሥራዎች አሉ። አሸንዳ መግጠም፣ ውሃው ከቤቱ ርቆ እንዲፈስ ቦይ ማበጀት፣ እንዲሁም በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ መሥራት ለአብነት ይጠቀሳሉ። ለቀለም ከተያዘው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ለእነዚህ ቢውል እንኳን ጥቅሙ ያመዝናል።

ስንጥቁን መለየት

ስንጥቅ ሁሉ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ልስን ሲደርቅ የሚፈጠር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነና የተበታተነ ስንጥቅ ለቤቱ የሚያሰጋ ባለመሆኑ በስቱኮ ሊሞላ ይችላል። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ አለዚያም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ በደረጃ መልክ የሚወርድ ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ የመሠረት መንቀሳቀስ ምልክት ነው። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ የስንጥቁ አንዱ ጎን ከሌላው ወጣ ብሎ ከታየ ወይም በሮችና መስኮቶች መዝጋት ካስቸገሩ በቅድሚያ ሊጠራ የሚገባው ቀለም ቀቢ ሳይሆን የግንባታ መሐንዲስ ነው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በስቱኮና በቀለም መሸፈን አደጋውን ከዓይን መሰወር ብቻ ይሆናል።

የስንጥቁን ጠባይ ያለ ብዙ ወጪ መከታተል ይቻላል። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ቀኑን በአጠገቡ መጻፍ፣ ስፋቱንም በየወሩ በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብ በቂ ነው። በበጋና በክረምት እየተፈራረቀ የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ከአፈሩ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነው። ወቅት ሳይለይ ያለማቋረጥ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የመሐንዲስ ምርመራ ግድ ይላል።

በየወቅቱ የሚንቀሳቀስ ጠባብ ስንጥቅ ጠንካራ በሆነ ስቱኮ ቢሞላ በሚቀጥለው በጋ እንደገና መከፈቱ አይቀርም። ትክክለኛው አሠራር ስንጥቁን ፈልፍሎ ማስፋት፣ አቧራውን መጥረግ፣ የመለጠጥ ጠባይ ባለው አክሪሊክ ማሸጊያ መሙላት፣ ከዚያም በላዩ ላይ የፋይበር መረብ ለጥፎ መለሰን ነው።

የጭቃ ቤት ጉዳይ የተለየ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን የሚስብና መልሶ የሚያስወጣ በመሆኑ የዘይት ቀለም ሲቀባ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቀለሙም ከምርጊቱ ጋር እየተነሣ ይወድቃል። ለዚህ ዓይነቱ ቤት እርጥበት የሚያሳልፍ የኖራ ቅብ ይመረጣል፤ በወጪም ይቀላል።

ባለሙያውን መምረጥ

የቀለም ቀቢው ችሎታ ብሩሽ ከመያዙ በፊት በሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ግድግዳውን ሳይዳስስ፣ የቤቱን ዙሪያ ሳይመለከት ዋጋ የሚናገር ሠራተኛ ያየው የግድግዳውን ስፋት ብቻ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ግን ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ቀደም ሲል ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ፣ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነና ስንጥቁ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ ይጠይቃል። አሮጌውን ቀለም በስፓቱላ ፍቆ ጥንካሬውን ይፈትሻል።

በሙያው የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኘ ሠራተኛን ማስቀደም ተገቢ ነው። ከወረቀቱ በተጨማሪ ቀደም ሲል የሠራቸውን ቤቶች ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ባለፈው ወር የተጠናቀቀው ሥራ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያለፈበት ሥራ ነው። አዲስ ቀለም ሁሉ ያምራል፤ የዝግጅቱ ጥራት የሚታወቀው ግን መሬቱ አብጦ ከተኮማተረ በኋላ ነው። የቤቱን ባለቤት ሠራተኛው ቅሬታ ሲቀርብለት ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ መጠየቅም ይጠቅማል።

ወቅትና ሰዓት

በመተማ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። በጋምቤላ ደግሞ ቀደም ብሎ በግንቦት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ግድግዳው ያጠራቀመውን እርጥበት ለማውጣት ከዝናቡ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ያስፈልጉታል። ስለሆነም ለውጭ ግድግዳ የሚስማማው ጊዜ በመተማ ከጥቅምት መጨረሻ፣ በጋምቤላም ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር ያለው ነው። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ አንድ ክንድ ያህል ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ አሽጎ ለ24 ሰዓት መለጠፍ ይቻላል። ከፕላስቲኩ በስተውስጥ ጠል ከታየ ሥራው መቆየት አለበት። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ 28 ቀን ያህል ሳይሞላው ቀለም ሊቀባ አይገባም።

ሙቀትም የራሱ ጉዳት አለው። በርካታ የውሃ ቀለም አምራቾች ከ35 ዲግሪ በላይ በሞቀ ገጽ ላይ እንዳይቀባ ያሳስባሉ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ከአየሩ ይበልጥ ስለሚሞቅ በእኩለ ቀን የተቀባ ቀለም ከግድግዳው ጋር ሳይዋሐድ ይደርቃል፤ የሮለሩ መስመርም በላዩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ጥላን ተከትሎ መከናወን አለበት። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ በማለዳ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ከሰዓት በኋላ ይቀባል። ይህ አሠራር ለሠራተኛው ጤናም የሚበጅ ነው። ከቀለም ምርጫ አንጻር ፈዘዝ ያለ ቀለም ሙቀትን ስለሚመልስ ከጠቆረው ይመረጣል። ለውጭ ግድግዳም የመለጠጥ ጠባይ ያለው አክሪሊክ የውሃ ቀለም በፀሐይ ከሚደርቀውና ከሚሰባበረው የዘይት ቀለም የተሻለ ነው።

ውልና ክፍያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 አንድ ሥራ ተቋራጭ በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ አሠሪውም ዋጋ ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይደነግጋል። በቃል መስማማት የተለመደ ቢሆንም በአንድ ገጽ የተጻፈ ስምምነት ኋላ የሚነሡ ጭቅጭቆችን ያስቀራል። በስምምነቱ ውስጥ ስንጥቁ በምን እንደሚሞላ፣ አሮጌው ቀለም ምን ያህል እንደሚፋቅ፣ የመጀመሪያውን ቅብ ጨምሮ ስንት ጊዜ እንደሚቀባ፣ የቀለሙ ዓይነትና ቀለሙን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ሊጠቀሱ ይገባል።

አሠሪው የቀለሙን መጠን ራሱ ማስላት ቢችል ይመረጣል። ለምሳሌ ርዝመቱና ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ስፋት 48 ካሬ ሜትር ነው። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 44 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 88 ካሬ ሜትር ይሆናል። በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ቀለም በአማካይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 9 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሸካራ ግድግዳ ከዚህ በላይ ይፈጃል። ሠራተኛው በግማሹ ቀለም ጨረስኩ ካለ ቅቡ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ወይም ቀለሙ በጣሳው ላይ ከተጻፈው በላይ በውሃ መቅጠኑን መጠርጠር ይገባል።

ክፍያውን በሦስት ከፍሎ መፈጸም ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። የመጀመሪያው ሥራው ሲጀመር፣ ሁለተኛው የመሙላትና የመፋቅ ሥራው ተጠናቅቆ አሠሪው በዓይኑ ካየ በኋላ፣ የመጨረሻው ሥራው ሲያልቅ ይከፈላል። ሁለተኛውን ክፍያ ከዝግጅቱ ጋር ማያያዝ ጥቅሙ የጎላ ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ቅብ ካረፈ በኋላ ከሥሩ ምን እንደተሠራ ማወቅ አይቻልም። በአንጻሩ ዋጋውን ከልክ በላይ ማስቀነስ ሠራተኛው የማይታየውን ሥራ እንዲዘል የሚገፋፋ በመሆኑ ጉዳቱ ተመልሶ ለአሠሪው ነው።

የጤና ጥንቃቄ

በተለምዶ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ያለበት አሮጌ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝ ለሕፃናት አእምሮ ዕድገት ጠንቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የሚታወቅ የሊድ መጠን አለመኖሩን ይገልጻል። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከደንቡ በፊት የተቀቡ በሮች፣ መስኮቶችና ግድግዳዎች ግን አሁንም በየቤቱ ይገኛሉ። ስለዚህ አሮጌ የዘይት ቀለም በውሃ እየተረጠበ እንዲፋቅ፣ ፍቅፋቂው ተጠርጎ በከረጢት እንዲታሰር፣ ሠራተኛውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲያደርግ ማድረግ ያስፈልጋል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሥራው እስኪያልቅና ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ እስኪጸዳ ድረስ ሌላ ቦታ ቢቆዩ ይመረጣል።

የመሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት

ከላይ የተገለጸው ሁሉ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶችንና ቢሮዎችን የሚያሳድሱ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋ በመሆኑ የእድሳት ገንዘብ በግንቦትና በሰኔ በጥድፊያ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ይህ ወቅት በቆላው ዝናቡ የሚገባበትና ለዓመቱ የውጭ ቅብ የማይስማማው ጊዜ ነው። በሰኔ የተቀባው ግድግዳ በጥቅምት ተላልጦ ሲታይ ገንዘቡ በሰነድ በአግባቡ የወጣ ቢሆንም ሥራው ግን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

መፍትሔውም በኃላፊዎች እጅ ያለ ነው። የግዢው ዝግጅት በሐምሌና በነሐሴ ቢጀመርና ውሉ በመስከረም ቢፈረም ሥራው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ግድግዳው በደረቀበትና ፀሐዩ ባልበረታበት ወቅት ይከናወናል። በዝርዝር መግለጫውም «ሁለት ጊዜ ቀለም መቀባት» ተብሎ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የስንጥቅ አሞላሉና የግድግዳው ዝግጅት ራሱን የቻለ የሥራ ዓይነትና ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ካልሆነ ዝግጅቱን በሚገባ አስቦ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች ዝግጅቱን በተወ ተጫራች መበለጡ አይቀርም።

በአጠቃላይ በሞቃታማ የጥቁር አፈር አካባቢዎች የቀለም ሥራ የሚጀምረው ውሃን ከመሠረት በማራቅና ስንጥቅን በመለየት ነው። ወቅቱን ጠብቆ፣ ባለሙያውን አንድ ክረምት በተሻገረ ሥራው መዝኖ፣ ክፍያውንም ከዝግጅቱ ጋር አያይዞ የሚያሠራ ሁሉ፣ ግለሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ በየዓመቱ ለአንድ ግድግዳ ደጋግሞ ከመክፈል ይድናል።