250 ያመጣው ተበላ፣ 200 ያመጣው በላ

በአሜሪካ የቦውሊንግ ሊግ ምሽት ገና ኳስ ሳይወረወር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ግርግር አለ። አንዱ ስም ይጽፋል፣ ሌላው ዶላር ይቆጥራል። የሊጉ መዋጮማ ተከፍሏል፤ ይሄኛው የጎን ውርርድ ነው። ከዚያች ጠረጴዛ የሚነሳው ሰው ለቡድኑ ነው የሚጫወተው ወይስ ለኪሱ?

ለእግር ኳስ ወዳጅ ነገሩ አይከብድም። የጎል ጉርሻ የተመደበለት አጥቂ ነፃ ለቆመው ጓደኛው ማቀበል ትቶ ከጠባብ አንግል ሲመታ አይታችሁ ይሆናል። ቦውሊንግም የራሱ እንዲህ ያለች ኳስ አለችው።

በጣም የተለመደው ውርርድ ልክ እንደ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነው። 8 ሰዎች 5 ዶላር ያዋጡና በዕጣ ይደለደላሉ። በምሽቱ ሦስት ጌም ስለሚጫወቱ የመጀመሪያው ሩብ ፍፃሜ፣ ሁለተኛው ግማሽ ፍፃሜ፣ ሦስተኛው ፍፃሜ ይሆናል። ከ40 ዶላሩ አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊው 25፣ ሁለተኛው 10 ይወስዳሉ፤ 5ቷ ያዘጋጁ ናት። ስምንቱ እኩል ችሎታ ካላቸው ለእያንዳንዱ በአማካይ የሚመለስለት 4 ዶላር ከ38 ሳንቲም ገደማ ነው። ግን ማን አስልቶ ይወራረዳል! በአንድ ምሽት 10 ድልድል ውስጥ የሚገባ አለ። ውጤቱ በሁሉም ያው አንድ ስለሆነ የመጀመሪያው ጌም ከተበላሸ 50 ዶላሩ ባንዴ ሊሄድ ይችላል።

የብዙዎቹ ስሌት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን ሲያዩ ‹‹ዛሬማ በስትራይክ ነው!›› ብለው አሥሩንም ፒን ባንድ ኳስ ለመጣል ኃይል ይጨምራሉ። ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። አንዱ 160፣ 250፣ 190 አመጣ፤ ሌላው ሦስቱንም ጌም 200። የሁለቱም ድምር 600 ነው። በመጀመሪያው ጌም ቢገናኙ ግን 250ው ሲመጣ ባለቤቱ ተሰናብቶ ተመልካች ሆኗል። ለምሽቱ ከፍተኛ ጌም የተለየ ውርርድ ካለ እሱን ይበላ ይሆናል፤ ቡድኑ ግን በመጀመሪያው ጌም 40 ፒን ጎድሎበታል።

እንዲያውም ያለ ስትራይክም ጥሩ ውጤት ይመጣል። ጌሙ 10 ፍሬም አለው። በየፍሬሙ 9 ጥሎ የቀረችውን አንዷን በሁለተኛው ኳስ የሚያነሳ (ስፔር ይሉታል)፣ በመጨረሻዋ ተጨማሪ ኳስም 9 ከጣለ፣ 190 ያመጣል። ያቺን አንዷን ሁልጊዜ የሚስት 90 ብቻ! ስፔር እንደ ጥሩ ተከላካይ ነው፤ ማንም አያጨበጭብለትም።

ሌላም ጣጣ አለ። ኳሱ የሚንከባለልበት ወለል ዘይት ይቀባል። ጨዋታው በገፋ ቁጥር ኳሶች ዘይቱን ይጠርጉታል፤ በመጀመሪያው ጌም ተንሸራቶ ይሄድ የነበረው ኳስ በሦስተኛው ቀድሞ ይታጠፋል። የፍፃሜው ገንዘብ ያለው ደግሞ እዚያ ሦስተኛው ላይ ነው። የሚቆምበትን ቦታና የሚያነጣጥርበትን መስመር መቀየር የሚያውቅ ሰው ጉልበተኛውን የሚበልጠው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ችሎታ ደብቆ መጫወት ነው። በብዙ ሊጎች ደካማው ሀንዲካፕ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ አማካይ ውጤቱ ከ220 የሚያንስበት 90 በመቶ። አማካዩ 170 የሆነ 45 ፒን ሲጨመርለት 210 የሆነው 9 ብቻ ያገኛል። ስለዚህ አንዳንዱ ብልጥ ገንዘብ በሌለበት ምሽት ሆን ብሎ ይስታል፤ አማካዩ ሲወርድ ትልቁን ውርርድ ጠብቆ ይነሳል። አሜሪካኖቹ ሳንድባጊንግ የሚሉት ይህ በዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ደንብ እስከ እገዳ ያደርሳል። መወራረድ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ግን ከገዛ ቡድን ነጥብ መስረቅ ነው።

ማስመሰሉ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በገንዘብ ቦውሊንግ ይጫወቱ ከነበሩት አንዱ ኧርኒ ሽሌግል ነበር፤ የሰከረ መስሎ በመቅረብ ተቀናቃኞቹን ያዘናጋ ነበር። እሱ ያታልል የነበረው ባለጋራውን እንጂ የቡድን ጓደኛውን አይደለም። ኋላ ፕሮፌሽናል ሆኖ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የኤቢሲ ማስተርስን ዋንጫ ሲያነሳ ዕድሜው 53 ነበር።