በህዋ የተቀመጠ መልእክትና አንባቢው

በካርቲየ 1 ለምናስተምራቸው ልጆች ስለ አዋሽ ወንዝ ስናስረዳ፣ ወንዙ ከባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ከሚገኘው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር እንነግራቸዋለን። በዚሁ ሸለቆ፣ ሐዳር ከተባለው ስፍራ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የድንቅነሽ (ሉሲ) አፅም መገኘቱንም እንጨምራለን። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ዛሬ የምናወሳው ግን ስሟ በህዋ ውስጥ ስለመጓዙ ነው።

ናሳ በኦክቶበር 16 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. «ሉሲ» የተባለችውን መንኮራኩር አመጠቀ። ዓላማዋ ጁፒተርን ቀድመውና ተከትለው ፀሐይን የሚዞሩትን አስትሮይዶች መመርመር ነው። በኖቬምበር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በመንገዷ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች፤ የአስትሮይዷም ስም «ድንቅነሽ» ነው። እርሷን የምትዞር ጨረቃም ስለተገኘች በዲኪካ አፅሟ በተገኘው ሕፃን ስም «ሰላም» ተባለች።

መንኮራኩሯ ሥራዋን ስትፈጽም ወደ ምድር አትመለስም፤ ቢያንስ ለመቶ ሺዎች ዓመታት ፀሐይን ስትዞር ትኖራለች። ስለዚህ ወደፊት ለሚያገኟት የሰው ልጆች መልእክት የያዘ ሰሌዳ ተለጥፎባታል። በሰሌዳው ላይ የታዋቂ ሰዎች ቃልና በምጥቀቷ ቀን ፕላኔቶች የነበሩበት ቦታ ተቀርጿል።

የፕላኔቶቹ ሥዕል ለምን አስፈለገ? ምድር ፀሐይን በ1 ዓመት፣ ጁፒተር በ12 ዓመት ገደማ፣ ሳተርን በ29 ዓመት ገደማ ይዞራሉ። ፍጥነታቸው ስለሚለያይ አቀማመጣቸው ዘወትር ይለወጣል። እንግዲህ የዘመን አቆጣጠራችን ቢረሳ እንኳ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ወደ ኋላ አስልቶ የምጥቀቷን ጊዜ ሊደርስበት ይችላል።

ቃሉን ግን ማን ያነበዋል? በሱዳን የሚገኘው የሜሮዌ ጽሑፍ በድንጋይ ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ የፊደሉ ድምፅ ቢታወቅም የቋንቋው ትርጉም በአብዛኛው ጠፍቷል። በአንጻሩ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ይህም የሆነው ብራና ከድንጋይ ስለሚጠነክር አይደለም፤ ብራናው ሲያረጅ የሚገለብጥ ጸሐፊ፣ ለልጅም ፊደል የሚያስቆጥር የኔታ ስላልታጣ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዕውቀት ለመቆየት ጠንካራ ማኅደርም ተከታታይ አንባቢም እንደሚያስፈልገው ነው። ማኅደሩን መሐንዲሶች ይሠሩታል፤ አንባቢውን ማፍራት የኛ የመምህራን ድርሻ ነው። እስቲ ተማሪዎቻችንን፣ «ቋንቋችንን ለማያውቅ ሰው ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ በሥዕል አስረዱ» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱን ሲፈልጉ ሥነ ፈለክንም ሒሳብንም አብረው ይማራሉ።