የተሰናባች ወታደር ትምህርት፤ መብት ወይስ ድጋፍ?

አንድ የዶርዜ ወጣት ትምህርቱን አቋርጦ ወታደር ሆነ እንበል። ሲሰናበት ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ የአባቱ የሸማ ሥራ ወይም ቁልቁል ወርዶ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ። ለመሆኑ ለሁለተኛው ማን ይከፍላል?

አሜሪካ ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1944 በሕግ መለሰች። ቢያንስ 90 ቀናት ላገለገለ ተሰናባች በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያና ወርኃዊ መተዳደሪያ ፈቀደች። 2.2 ሚሊዮን ያህል ተመላሾች ኮሌጅ ገቡ። በደቡብ ግዛቶች ግን ብዙ ጥቁር ተመላሾች የሕጉ ተጠቃሚ እንዳይሆኑ ተደርገዋል።

በአገራችን የተለመደው ፕሮግራም ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ገጠር ለገባው እህልና የእርሻ ግብዓት፣ ለከተሜው የሙያ ሥልጠና ቀረበ። ከኤርትራው ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ድጋፍ ብዙ ሺህ ወታደሮች ተሰናብተዋል። የቀድሞ ተዋጊዎችን የሚመለከተው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም በጀቱ ሲያልቅ ይዘጋል። በአዋጅ የተጻፈ መብት ግን ስንት ዓመት እንደሚያስተምርና ስንት ብር እንደሚከፍል ለይቶ ካስቀመጠ፣ ተሰናባቹ የአገልግሎት ማስረጃውን ይዞ ሬጅስትራር ፊት ይጠይቀዋል። ሸማኔነት የተከበረ ሙያ ነው፤ የዶርዜው ልጅ ወደ እሱ የሚመለሰው ግን ወዶ ሊሆን ይገባል።