የግል መርማሪ ለተከሳሽ ምን ይረባዋል?

«የግል መርማሪ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሲኒማ ያየነውን፣ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ሲጋራውን እያጤሰ በጨለማ ሰው የሚከታተለውን ጐበዝ ነው። በአሜሪካ ለተከሳሽ ጠበቃ የሚሠራው መርማሪ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው የሰው በር በማንኳኳትና የሰማውን በመጻፍ ነው። ሥራው ለሲኒማ አይመችም፤ ሆኖም የአንድ ሰው ነጻነት በዚያች ጽሑፍ ሊወሰን ይችላል።

በዚያ አገር ሥርዓት ዳኛው ራሳቸው ወጥተው ማስረጃ አይፈልጉም፤ ሁለቱ ወገኖች ያቀረቡትን ይሰማሉ። ዐቃቤ ሕግ ፖሊስ አለው። ተከሳሹስ ማን አለው? የፖሊስን መዝገብ ብቻ ይዞ የሚከራከር ጠበቃ፣ ፖሊስ ያልጠየቀውን ምስክር ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ መርማሪው ድርጊቱ ተፈጸመ ወደ ተባለበት ስፍራ ይሄዳል፤ ምስክሩ ከቆመበት ቦታ የሰው ፊት ለይቶ ማየት ይቻል እንደ ሆነ ይመለከታል፤ ጎረቤቱን፣ ባለሱቁን፣ ምስክሮቹንም ያነጋግራል። የፖሊስ ሥልጣን ስለሌለው ግን ማንንም ማስገደድ አይችልም። «አላነጋግርህም» ያለው ሰው በሩን ቢዘጋበት ተሰናብቶ መሄድ ነው።

«ታዲያ ጠበቃው ራሱ ሄዶ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?» የሚል አይጠፋም። ምስክሩ ቤቱ ሳለ ለጠበቃው ብቻ «ፊቱን አላየሁም» ብሎ፣ ችሎት ሲቀርብ «አይቼዋለሁ» ቢልስ? በአንድ ክርክር ጠበቃም ምስክርም መሆን በደንቡ በአብዛኛው ክልክል ነው። መርማሪው የሰማው እንደ ሆነ ግን እርሱ ቀርቦ ይመሰክራል።

ነገሩ በኖብልስ ጉዳይ በግልጽ ይታያል። ተከሳሹ መሣሪያ ይዞ ባንክ ዘርፏል የተባለ ሰው ሲሆን፣ ዋናው ማስረጃ የሁለት ምስክሮች ቃል ነበር። አንደኛው የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ ሁለተኛው በዝርፊያው ጊዜ እዚያ የነበረ ሻጭ ነው። የመከላከያው መርማሪ አስቀድሞ ሁለቱንም አነጋግሯቸው ነበር። በተከሳሹ ወገን አባባል፣ ከፋዩ ያየው የሰውዬውን ጀርባ ብቻ መሆኑን፣ ሻጩም ጥቁሮች ሁሉ አንድ እንደሚመስሉት ለመርማሪው ነግረውታል። ችሎት ላይ አንደኛው «እንዲህ ማለቴን አላስታውስም» አለ፤ ሁለተኛው ካደ። ጠበቃው መርማሪውን ሊያስመሰክር ተነሣ። ዳኛው፣ መርማሪው ስለሚመሰክርበት ነገር የጻፈውን ክፍል፣ የማያገባው ተሠርዞ፣ ዐቃቤ ሕጉ እንዲያየው አዘዙ። ጠበቃው «አላሳይም» አለ፤ መርማሪውም ሳይመሰክር ቀረ። ተከሳሹ ተፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ስሕተት ቢለውም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዳኛውን ትእዛዝ አጸናው። የመርማሪው ጽሑፍ እንደ ጠበቃው የሥራ ወረቀት የተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን መርማሪው ቀርቦ ሲመሰክር ያንኑ የሚመለከተው ክፍል ጥበቃው ይቀርለታል።

ውሳኔው ለተከሳሽ መራራ ነው። ቢሆንም፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የሚጠቅመውን ግማሽ አሰምቶ ሌላውን መሸሸግ የሚያስችል ሕግ ለማንም ደግ አይሆንም። ይልቅ የሚያሳዝነው የጠበቃው እልህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥንቁቅ መርማሪ የሰማውን ከራሱ ግምት ለይቶ፣ አንድ ቀን ባላጋራው እንደሚያነበው አድርጎ መጻፍ ይኖርበታል።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል? ባለጠጋው ከኪሱ። ስለ ድኻው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 በጊድየን ጉዳይ በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ጠበቃ መንግሥት ያቁምለት ብሎ ወሰነ፤ በ1964 የወጣው ሕግ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመርማሪንም ዋጋ ጨመረበት። ጠበቃው ዐቃቤ ሕጉ ሳይሰማ ለዳኛው ማመልከት ይችላል፤ ብቻ መርማሪው ለመከላከያው እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አለበት። መርማሪው ገና ደጅ ሳይወጣ፣ ምን ይዞ እንደሚመለስ ማንም ሳያውቅ ማለት ነው።