አዲስ ከርነል ከተጫነ በኋላ ስለማይነሣ ኮምፒዩተር

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት ከርነል የሚሉት አስኳል አለው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ዲስኩንና የመጻፊያ ሰሌዳውን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝ እርሱ ስለ ሆነ፣ አስኳሉ ሲታወክ ሥርዐቱ በሙሉ ይወድቃል።

ከቤይሩት በስተምሥራቅ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ገዝቶ፣ ኡቡንቱ ጭኖ፣ የፓስፖርቱንና የሥራ ውሉን ግልባጭ፣ የልጆቹንም ሥዕል በዚያው የሚያኖር አይታጣም። የዚህ ዐይነት ላፕቶፕ ባትሪው ብዙ ጊዜ የደከመ ነው። የአገሩ መብራት ደግሞ የታወቀ ነው፤ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የደይር ዐማርና የዛህራኒ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው በቆሙ ጊዜ የሊባኖስ የመንግሥት መብራት በመላው አገር ጠፍቶ ነበር። ሰፈርተኛውም «ኢሽቲራክ» እያለ ወርኀዊ ዋጋ ከፍሎ ከጄኔሬተር ይስባል። አንደኛው ጠፍቶ ሌላው እስኪመጣ የምታልፈው ጥቂት ጊዜ ግን አዲስ ከርነል በመጫን ላይ ላለ ኮምፒዩተር ጥፋት ናት።

ምክንያቱም ከርነሉ ብቻውን አይነሣም። ዲስኩን ለመክፈት የሚረዳው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ታናሽ ጥቅል አብሮት መዘጋጀት አለበት። መብራት በመካከል ቢጠፋ ወይም ቡት የተባለው የዲስክ ክፍል ሞልቶ ቢገኝ ጥቅሉ ጎዶሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት «ከርነል ፓኒክ» ብሎ፣ ዋናውን የፋይል ሥርዐት ማግኘት አልቻልሁም ሲል ይቆማል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ ሠሪውም ዲስኩን አጥፍቶ እንደ ገና ይጭናል። ኮምፒዩተሩ ይድናል፣ ሰነዱ ግን ይጠፋል። ይህ ከንቱ ጥፋት ነው። የብራና ጸሐፊ አዲሱ ቅጂ ሳይታረም አሮጌውን እንደማይጥል፣ ኡቡንቱም የቀድሞውን ከርነል አይጥልም። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በአዲሶቹ ላይ ኤስኬፕ፣ በአሮጌዎቹ ላይ ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ቢጫኑ ግሩብ የሚባለው ዝርዝር ይወጣል። ከዚያም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ውስጥ ገብቶ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነውን ከርነል መምረጥ ነው።

በአሮጌው ከተነሣ በኋላ አስቀድሞ ሰነዱን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይገባል። ቀጥሎ የቡት ክፍል ሞልቶ እንደ ሆነ ይታያል፤ ሞልቶ ከተገኘም በሥራ ላይ ካለው በቀር እጅግ ያረጁት ከርነሎች ይወገዳሉ። ከዚያ ወዲያ የተቋረጠው ጭነት ይፈጸማል፣ ጥቅሉ እንደ ገና ይሠራል፣ የግሩብም ዝርዝር ይታደሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን የኢሽቲራኩ ሰዓት አስተማማኝ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል።

ከርነሉ ተነሥቶ ስክሪኑ ብቻ ጨለማ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንደ ኤንቪዲያ ያለው የሥዕል ካርድ ነጂ ለአዲሱ ከርነል ሳይዘጋጅ ቀርቶ ይሆናል። አሮጌው ከርነልም አልነሣ ካለ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩና ወደ ራሙ ይዞራል። ያን ጊዜ ኡቡንቱን ሳይጭኑ ከፍላሽ ብቻ አስነሥቶ፣ ከምርመራው በፊት ሰነዱን ማውጣት ይቻላል።