ንጹሕ የፍራፍሬ ጭማቂ በቤት ውስጥ፤ የመጭመቂያ መሣሪያ አመራረጥና አያያዝ

ለሰው ልጅ ጤንነት ከሚያስፈልጉት ምግቦች አንዱ ፍራፍሬ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ብርቱካን፥ መንደሪን፥ ሎሚና ዘይቱን በቪታሚን ሲ የበለጸጉ ናቸው፤ ማንጎና ፓፓያም ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ብጫ ቀለም ይዘዋል። ይህን በረከት ጨምቆ ወይም ፈጭቶ መጠጣት በአገራችን ከተሞች እጅግ የተለመደ ሆኗል፤ በየጁስ ቤቱ በብርጭቆ ተደራርቦ የሚቀርበው ስፕሪስም ዛሬ በብዙ ቤተ ሰብ ገበታ ላይ ይታያል። ስለዚህ የጭማቂ መሣሪያ መግዛት የብዙ ባለ ትዳር አሳብ ነው።

ይሁን እንጂ ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ኀይሉ ምን ያህል እንደ ሆነና መልኩ ያማረ መሆኑን ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው አራተኛው ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። እርሱም «ይህ መሣሪያ ተፈታትቶ እስከ መጨረሻው ስርቻ ድረስ ይታጠባልን?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አራተኛው ጥያቄ የመጀመሪያ እንዲሆን ለማሳሰብ ነው።

መታጠቡ ከሁሉ የሚቀድምበት ምክንያት

ወጥ በእሳት ይበስላል፤ ወተት ይፈላል፤ ሻይና ቡናም የሚሰናዱት በፈላ ውሃ ነው። በቤት የሚጨመቅ የፍራፍሬ ጭማቂ ግን እሳት አይነካውም። በፍሬው ልጣጭ፥ በእጅ፥ በቢላዋ ወይም በመሣሪያው ውስጥ የነበረ ተሐዋስ ወደ ጭማቂው ቢገባ፥ በመካከል የሚያጠፋው ነገር ሳያገኝ በቀጥታ ወደ ጠጪው ሆድ ይወርዳል። በወንፊቱ ቀዳዳና በጎማው ሥር ተጣብቆ ያደረ ቃጫ ደግሞ እርጥብና ጣፋጭ ስለ ሆነ ተሐዋስያን በቶሎ ይራቡበታል፤ ዝንብንም ይጠራል።

አንዳንድ ሰዎች ጭማቂ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ጀርም አይኖርበትም ይላሉ። ኮምጣጣነት ብዙዎቹን ተሐዋስያን ማዳከሙ እውነት ነው፤ ሁሉንም ግን አያጠፋም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ አሜሪካና በካናዳ ሳይፈላ ለገበያ የቀረበ የፖም ጭማቂ ኢ ኮላይ ኦ157 የተባለውን ባክቴሪያ ይዞ ስለ ነበር ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፤ አንዲት ሕፃንም ሞተች። ፖም ኮምጣጣ ፍሬ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ግን ጠጪዎቹን አላዳናቸውም። እንግዲህ ኮምጣጣነታቸው እጅግ አነስተኛ የሆነው ፓፓያ፥ አቮካዶ፥ ሙዝና ሐብሐብ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚፈልጉ ግልጽ ነው።

ከዚህም በላይ ጭማቂ ለማን እንደሚቀርብ ማሰብ ይገባናል። በአገራችን ልማድ ጭማቂ በመጀመሪያ የሚሰጠው ለልጆች፥ ለነፍሰ ጡር፥ ለአራስ፥ ከሕመም ለሚያገግምና ለአረጋዊ ነው፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰውም ብርቱካን ይዞ ይሄዳል። ጤነኛው ጐልማሳ በአንድ ቀን የሆድ ቁርጠት የሚወጣውን ተሐዋስ እነዚህ ደካሞች ሊቋቋሙት ያዳግታቸዋል። ስለዚህ ያልታጠበ መጭመቂያ አብልጦ የሚጐዳው ልንጠቅማቸው ያሰብናቸውን ወገኖች ነው።

የመሣሪያዎቹ ዐይነትና ተግባር

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት በቤት የሚዘወተረው ፍሬ የትኛው እንደ ሆነ መወሰን ያስፈልጋል። ብርቱካን፥ መንደሪንና ሎሚ ይጨመቃሉ። አቮካዶና ሙዝ ግን ሥጋቸው ለስላሳ ስለ ሆነ ይፈጫሉ እንጂ አይጨመቁም፤ በመጭመቂያ ቢገቡ ወንፊቱን ከመድፈን በቀር የሚጠጣ ነገር አይወጣቸውም። ማንጎና ፓፓያም ቢሆኑ ከመጨመቅ ይልቅ መፈጨት ይስማማቸዋል። ይህን ሳይረዱ ብዙ ገንዘብ አውጥተው መጭመቂያ ከገዙ በኋላ ስፕሪስ ሊሠሩበት ያልቻሉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም።

1ኛ፤ የእጅ መጭመቂያ። ይህ ግማሹ ብርቱካን ተገልብጦ የሚጠመዘዝበት ባለ ጕብታ ሳሕን ወይም በመያዣው ተጭኖ የሚጨምቅ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ክፍሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስለ ሆኑ ወዲያው ታጥቦ ይደርቃል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይበቃል። ከብርቱካንና ከሎሚ በቀር ሌላ የማይጨምቅ ቤተ ሰብ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አያስፈልገውም።

2ኛ፤ ጁስ መፍጫ ወይም ብሌንደር። ይህ ፍሬውን ከነቃጫው ስለሚፈጭ ለሆድ የሚጠቅመው ቃጫ አይጣልም፤ ለአቮካዶ፥ ለማንጎ፥ ለፓፓያና ለሙዝም የተመቸ ነው። ጕድለቱ ከስለቱ በታች ባለው ጎማ ዙሪያ ቃጫ መጠራቀሙ ነው። ስለዚህ ማሰሮው ከሥሩ ተፈትቶ ስለቱና ጎማው የሚወጡለትን መምረጥ ይገባል፤ የማይፈታውን መግዛት አይበጅም።

3ኛ፤ በፍጥነት የሚሽከረከር መጭመቂያ። በውስጡ ያለው ጥርሳም ሳሕን በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ ፍሬውን ይፍቃል፤ ጭማቂውም በወንፊት ይወጣል። ለካሮት፥ ለፖምና ለአናናስ ይስማማል፤ ሥራውም ፈጣን ነው። ነገር ግን ድምፁ ከባድ ነው፤ ጭማቂው አረፋ ይበዛበታል፤ የወንፊቱም ቀዳዳዎች ደቃቅ ስለ ሆኑ በብሩሽ ካልታሹ ፈጽሞ አይጠሩም።

4ኛ፤ በዝግታ የሚጨምቅ መሣሪያ። ይህ እንደ ሥጋ መፍጫ ባለ ጠመዝማዛ ዘንግ በደቂቃ ከ40 እስከ 100 ጊዜ ገደማ እየዞረ ፍሬውን ይጨፈልቃል። አረፋው አነስተኛ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ክፍሎቹም ይበዛሉ፤ ፍሬውም አስቀድሞ መቈራረጥ ይኖርበታል። ሻጮች ቪታሚን የሚያድን ይህ ብቻ ነው ቢሉም፥ በማናቸውም መሣሪያ የተጨመቀ ጭማቂ ቆይቶ ሲጠጣ ቪታሚን ሲ እየቀነሰበት እንደሚሄድ ማወቅ ይበቃል። ወዲያው የተጠጣ የእጅ ጭማቂ በውድ መሣሪያ ተጨምቆ ሲውል ከሚያድር ጭማቂ ይሻላል።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መሣሪያው በፊቱ እንዲፈታለት ይጠይቅ፤ ከዚያም ራሱ መልሶ ይግጠመው። በሱቅ ያስቸገረ አፈታት በቤት ውስጥ የበለጠ ያሰለቻል፤ የሰለቸም ሰው ሳያጥብ ያሳድራል። ጣት ወይም ብሩሽ የማይደርስበት ስርቻ ቢገኝ ሳሙናም እንደማይደርስበት ይወቅ። ጎማዎቹ መውጣታቸውን፥ የጭማቂው መውረጃ አፍ በብሩሽ መጠረግ መቻሉን፥ ወንፊቱም በብርሃን ሲታይ ያልተቀደደ መሆኑን ይመርምር።

ጭማቂው የሚነካው ክፍል ሁሉ ስቴንለስ ስቲል፥ ብርጭቆ ወይም ለምግብ ዕቃ የተሠራ ሽታ የሌለው ፕላስቲክ መሆን አለበት። ከናስ፥ ከመዳብና ዚንክ ከተቀባ ቈርቈሮ የተሠራ ዕቃ ለኮምጣጣ ጭማቂ አይሆንም፤ ኮምጣጣው ብረቱን እያሟሟ ከጭማቂው ጋር ያዋሕደዋልና። መዳብ በተለይ ቪታሚን ሲን ያበላሻል። ቅቡ የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ ዕቃም መግዛት አይገባም። ደግሞም ጎማው፥ ወንፊቱና ማሰሮው ቢበላሹ መለወጫቸው በገበያ መገኘቱን መጠየቅ መልካም ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ የጀርም መሸሸጊያ ነውና።

ልጆች ባሉበት ቤት መክደኛው ካልተቈለፈ የማይዞረውን መሣሪያ መምረጥ ይገባል። ፍሬውን ወደ ውስጥ የሚገፋው ለዚሁ በተሠራው መግፊያ ብቻ ነው፤ ጣትም ማንኪያም መስደድ ክልክል ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩም ጥንቃቄ ያሻል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶች በስጦታ የሚልኩት መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፤ አደጋም ያስከትላል። ስለዚህ በመሣሪያው ሥር የተጻፈውን ቍጥር ሳያነቡ መሰካት አይገባም። ከዱባይ የሚመጣው በቮልቱ ይስማማል፤ መሰኪያው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስለ ሆነ ተስማሚ መለወጫ ይፈልጋል። መብራት በሥራ መካከል ቢጠፋ መሰኪያውን ነቅሎ ፍሬውን ማውጣት ያስፈልጋል እንጂ እስኪመጣ ድረስ በውስጡ መተው አይገባም።

የአሠራሩና የአጠባው ሥርዓት

ከሁሉ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቀጥሎ ፍሬው ሳይቈረጥ በንጹሕ ውሃ ታሽቶ ይታጠባል፤ ልጣጩ የሚጣል ቢሆንም እንኳ መታጠቡ አይቀርም፤ ቢላዋው የላዩን እድፍ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና። የበሰበሰና የሻገተ ፍሬ ይጣላል፤ ርካሽ ነው ተብሎ ለጭማቂ አይውልም። የፖም ፍሬ ነገርና የኮክ ዐጥንት ይወጣሉ።

ውሃ ወይም በረዶ የሚጨመር ከሆነ ውሃው አስቀድሞ የፈላ መሆን አለበት። አዲስ አበባና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉ ስፍራዎች ውሃ ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት የሚፈላባቸው ስለ ሆኑ፥ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ በእሳት ላይ መቆየት ይገባዋል። ከዚያም በተከደነ ዕቃ ይቀዘቅዛል።

ጭማቂው እንደ ተሠራ ይጠጣል። ከ2 ሰዓት በላይ በውጭ የቆየ ጭማቂ ለልጅም ለበሽተኛም መስጠት አይገባም። የግድ መቆየት ካለበት ተከድኖ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ይቀመጥና በዚያው ቀን ይጠጣ።

መሣሪያው የሚታጠበው ጭማቂው እንደ ተቀዳ ነው፤ ቃጫው ከደረቀ በኋላ መላቀቅ ያስቸግራል። መሰኪያው ይነቀላል፤ ክፍሎቹ ሁሉ ይፈታሉ፤ በውሃ ይለቃለቃሉ፤ ከዚያም በሳፋ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይታሻሉ። ወንፊቱ በውስጥም በውጭም ይታሻል። ስለት ያለው ክፍል በሳሙና አረፋ ውስጥ ተደብቆ እጅ እንዳይቈርጥ ለብቻው ይታጠብ። በመጨረሻ ሁሉም በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ዝንብ በማያርፍበት ንጹሕ መደርደሪያ ላይ በነፋስ ይደርቃል፤ በወጥ ቤት ጨርቅ አይወለወልም፤ እርጥብ ጨርቅ ራሱ ጀርም ያዛምታልና። ሞተሩ ግን በውሃ አይነከርም፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ላዩ ብቻ ይጠረጋል። በብሌንደር ውስጥ ሳሙናና ውሃ አድርጎ ማዞር የአጠባው መጀመሪያ ነው እንጂ ፈቶ ማጠብን አይተካም።

መጠኑን ስለ ማወቅ

መልካም ነገርም ከመጠን ሲያልፍ ይጐዳል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ወደ 20 ግራም የሚደርስ ስኳር ይዟል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ በጭማቂ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ ይህን የመሰለው ስኳር ከዕለት ምግብ ኀይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ይህም 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በጭማቂ ላይ ስኳር መጨመር አያስፈልግም፤ የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጠጣ። ከእንጀራ፥ ከሽሮና ከምስር ወጥ ጋር የሚጠጣ ትንሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ግን በእህሉ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በሚገባ እንዲቀበለው ይረዳል።

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭማቂ መስጠት አያስፈልግም፤ ማርም ፈጽሞ አይሰጠውም። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው ልጅ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይሆን የሕፃናት ሐኪሞች ይመክራሉ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ ጭማቂ መድኀኒቱ አይደለም፤ ስኳሩ ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል። ለእርሱ የሚገባው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በመመሪያው መሠረት በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ መስጠትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉ፥ በሽታን ከመጀመሪያው መከላከል ኋላ ከማስታመም ይቀላል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ የጭማቂ መሣሪያ ስትገዙ ፈታችሁ አጥባችሁ ለማድረቅ ጊዜና ትዕግሥት የምታገኙለትን ምረጡ። ባለ ብዙ ክፍል መሣሪያ በየቀኑ ለማጠብ የማይመቸው ሰው የእጅ መጭመቂያ ይግዛ፤ እርሱም ካልተመቸው ብርቱካኑን አጥቦና ልጦ ከነቃጫው ይብላ፤ ከጥቅሙ ምንም አይጐድልበትም።